ይደገም ወይስ ሱቁ ይከፈት?
የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከሎጊያ ሲታይ

ከጂቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና በጋላፊ ገብቶ፣ ዲቾቶን አልፎ፣ ሰመራን ሲሻገር ቀጥሎ የሚያገኘው ሎጊያን ነው። ሰመራ የክልሉ ዋና ከተማ እንድትሆን በፕላን የተቆረቆረች ስትሆን፣ ሎጊያ ግን ሹፌር ስለራበው፣ ጎማ ስለፈነዳና ስለመሸ ብቻ የተሠራች ትመስላለች። ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የሚንጠባጠበው የከተማዋን ምግብ ቤቶች፣ መኝታ ቤቶች፣ ጎማ ጠጋኞችና የመለዋወጫ ሱቆች ያኖራል።

እንዲህ ባለች የመንገድ ከተማ ስለ ቢዝነስ ሁለተኛ ዲግሪ ማውራት ለሩቅ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከሎጊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ የንግድና ኢኮኖሚክስ ትምህርት አለ። የክልል ቢሮዎች፣ ባንኮችና የእርዳታ ድርጅቶችም እዚያው ናቸው። ከእነዚህ ወጥተው ወደ ንግድ የገቡ፣ ወይም ንግዱን ይዘው ወደ እነዚህ ለመግባት የሚያስቡ ባለ ዲግሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል ፈተናውን አንድ ጊዜ ሞክሮ ነጥቡ ያልሞላለት ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይድገመው ወይስ ይተወው?

ለምሳሌ ያህል በሎጊያ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ከዓመታት በፊት በአካውንቲንግ ተመርቋል። ሱቁን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይመራል። የመግቢያ ፈተናውን ተፈትኖ ከ100 ጥያቄ 46 መልሷል፤ የማለፊያ ነጥቡ ደግሞ 50 ነው። ጓደኞቹ «አራት ነጥብ ምን አላት? ድገማት» ይሉታል። ወንድሙ «ሱቁን እየዘጋህ የምታነበው ለማን ነው?» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ሒሳብ አልሠሩም።

ያለቀ ወጪና ያላለቀ ይሉኝታ

በመጀመሪያ ከመንገድ መነሳት ያለበት አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ፈተና የሚደግመው «ይህን ሁሉ ለፍቼ፣ ይህን ሁሉ ከፍዬ እንዴት ይቀራል?» በማለት ነው። ነጋዴ ይህን ስሕተት በዕቃ ላይ ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል። በ20,000 ብር የገባ ጎማ ገበያው 15,000 ሆኖ ሳለ «በገዛሁበት ካልሆነ አልሸጥም» ብሎ ዓመት ያስቀመጠ ሰው መጋዘኑን በጎማ፣ ካፒታሉን በአቧራ እንደሞላ ይነገርበታል። የመጀመሪያው ፈተና ክፍያ፣ የተነበበው መጽሐፍ፣ የተቃጠለው ሌሊት ሁሉ ያለቀ ወጪ ነው። ቢደገምም ባይደገምም አይመለስም። ሚዛን ላይ መውጣት የሚገባው ከዛሬ ወዲያ የሚወጣውና ከዛሬ ወዲያ የሚገኘው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይሉኝታ ነው። ዳጉ ባለበት አገር ወሬ አይደበቅም። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ የሰማውን ያወራል፣ ያልሰማውን ይጠይቃል፤ «እገሌ ወደቀ» የሚለውም ከሎጊያ ተነስቶ አሳይታ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት አንዱ ስሙን ለማደስ ሲል ይደግማል፣ ሌላው ዳግም ላለመሰማት ሲል ይተዋል። ሁለቱም ውሳኔውን ለሰፈሩ አስረክበዋል።

ለእንዲህ ያለው ተፈታኝ አንድ መረጃ ትከሻ ያቀልለት ይሆናል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከተቀመጡት 150,184 ተመራቂዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 40.65 በመቶ ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62.4 በመቶ ገደማ ሲያልፍ፣ ከግል ተቋማት ያለፈው 17.2 በመቶ ነበር። አራት ዓመት ከተማሩት አብዛኛው በመጀመሪያው ዙር ያልተሻገረው መቁረጫ ካለ፣ በአንድ ፈተና አራት ነጥብ መጉደል የሰው ልክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በትምህርት ሚኒስቴር መሰጠት ጀምሯል። ቀደም ሲል እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት አመልካቾቻቸውን ራሳቸው ይፈትኑ ነበር። አንድ አገር አቀፍ ፈተና ሲመጣ «እዚህ ባይሆን እዚያ» የሚባለው መንገድ ይጠባል፤ የመድገሙ ጥያቄም ክብደት ያገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

የ46 እና የ38 ልዩነት

የፈተና ውጤት እንደ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ ይወዛወዛል። በሎጊያ ገበያ አንድ ኩንታል ሁለት ጊዜ ሲመዘን ትንሽ ፈቀቅ ማለቱን የማያውቅ የለም። ፈተናም እንዲሁ ነው። ሰውየው ዕውቀቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሌላ ቀን፣ በሌላ ጥያቄ ቢፈተን ነጥቡ ይለያያል። የሚያውቃቸው ጥያቄዎች ሊበዙለት ወይም ሊያንሱበት፣ ግምቱ ሊሳካ ወይም ሊከሽፍ ይችላል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 100 እኩል ክብደት ያላቸው ጥያቄዎች ያሉበት ፈተና ላይ የአንድ ሰው ውጤት ከእውነተኛ አቅሙ ወደ ላይም ወደ ታችም በአምስት ነጥብ ያህል መወዛወዙ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት እውነተኛ አቅሙ 46 የሆነ ሰው አንድም ቃል ሳያነብ ቢደግም 50 የማምጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ነው። አቅሙ 48 የሆነው ከመቶ 38 ያህል ዕድል አለው። አቅሙ 38 የሆነው ግን ከመቶ አንድ ብቻ! በ46 እና በ38 መካከል ያለው ስምንት ነጥብ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በዕድል ሲመነዘር ግን የሃያ አምስት እጥፍ ልዩነት አለው።

አሁን ደግሞ 46 ያመጣው ነጋዴ ሁለት ወር አንብቦ አቅሙን በስድስት ጥያቄ ብቻ ቢያሻሽል፣ ማለትም 52 ቢያደርሰው ምን ይሆናል? ዕድሉ ከአራት አንድ ተነስቶ ከሦስት ሁለት በላይ ይሆናል። ስድስት ጥያቄ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣው። መቁረጫው አጠገብ ያለ ሰው ትንሽ ቢሠራ ብዙ ያገኛል፤ ከመቁረጫው የራቀ ሰው ግን ያንኑ ስድስት ጥያቄ ጨምሮ 44 ላይ ቢቆም ብዙ አልተራመደም። ለእርሱ ሁለት ወር ሳይሆን ምናልባት ዓመት ያስፈልገዋል። ምንም ሳይለወጥ በየዙሩ መቀመጥማ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 46 የተባለው ራሱ የተወዛወዘ ውጤት ሊሆን ይችላል። ፈተናው ዕለት ታሞ፣ ወይም ሌሊቱን ከአዋሽ ሲጓዝ አድሮ የተፈተነ ሰው አቅሙ ከ46 በላይ ነው። በተቃራኒው መጨረሻ ላይ ሰዓት አልቆበት ሃያ ጥያቄ በጭፍን ሞልቶ ግምቱ የሰመረለት ሰው አቅሙ ከ46 በታች ነው። ይህን ከተፈታኙ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከፈተናው በወጣበት ዕለት፣ ውጤት ሳይሰማ፣ የቱን እንደሠራ፣ የቱን እንደገመተና የት ሰዓት እንደበላው በወረቀት መጻፍ ከማንኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት የበለጠ ይጠቅማል። ውጤት ከተሰማ በኋላ ትዝታ ወደ ኩራት ወይም ወደ ምክንያት ይለወጣል።

የዝገትና የጉድለት ነገር

የጎደለው አራት ነጥብ ከየት ነው የጎደለው? የቢዝነስ መግቢያ ፈተናዎች በየትም አገር በአብዛኛው የሚለኩት ሦስት ነገር ነው፤ ቁጥር፣ ቋንቋና ማመዛዘን። በኢትዮጵያ ደግሞ ሁሉም የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።

ቁጥሩ ለነጋዴ ዝገት እንጂ ጉድለት አይደለም። ነጋዴው በቀን መቶ ጊዜ ያሰላል፤ ችግሩ የገበያው ስሌትና የፈተናው ስሌት አንድ ዓይነት ስም ይዘው ሁለት ነገር መሆናቸው ነው። በ100 ብር የገባ የዘይት ማጣሪያ በ125 ሲሸጥ ነጋዴው «25 በመቶ አተረፍኩ» ይላል። ፈተናው ግን ትርፉ ከመሸጫው ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቅና መልሱ 20 ይሆናል። ወይም እንዲህ ይላል፤ አንድ መኪና 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየነዳ ሄዶ፣ ጭኖ ሲመለስ በሰዓት 40 ቢነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ሎጊያ ላይ የተጠየቀ ሁሉ «50» ይላል። መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሦስት ሰዓት ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት 48 ይመጣል። ይህን የመሰለ ወጥመድ አንድ ጊዜ የገባበት ሰው ሁለተኛ አይገባበትም። በሁለት ወር ስድስት ጥያቄ ሊገኝ የሚችለው ከዚህ ከረጢት ነው።

ቋንቋው ግን ሌላ ነው። ለዓመታት በአማርኛ፣ በአፋርኛና በተሰባበረ አረብኛ ሲነግድ የኖረ ሰው የእንግሊዝኛ ንባብ ፍጥነቱ በስምንት ሳምንት አይመለስም። ነጥቡ የጎደለው በዚህ በኩል ከሆነና በቁጥሩ ቀድሞም ጥሩ ሠርቶ ከነበረ፣ ለሚቀጥለው ዙር ከመመዝገብ ይልቅ አንድ ዙር አሳልፎ በየቀኑ ጥቂት ገጽ ማንበብ ይሻላል። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሸጡት ይህን አይነግሩትም፤ የእነርሱ ገበያ የሚቀጥለው ዙር ነውና።

የሎጊያ ምሽት ስንት ያወጣል?

የምዝገባው ክፍያ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ ወጪ ደረሰኝ የለውም።

በምሳሌው ያለው ነጋዴ ለፈተናው አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ የተገደደ ይሁን። መንገዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሦስት ቀን ከሱቁ ሲርቅ በቀን 3,500 ብር ትርፍ ቢያጣ 10,500 ብር ነው። ለመጓጓዣና ለመኝታ 6,000 ብር ቢጨመር 16,500 ይሆናል። በዚህ ላይ የንባቡ ሰዓት አለ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ሲነበብ 48 ቀን ነው። ጥያቄው ከቀኑ የትኛው ሰዓት የሚለው ነው።

ሌላ ከተማ ቢሆን «ማታ ማታ ያንብብ» ይባል ነበር። ሎጊያ ግን ቀን ሐሩሩ ሰውን ከጥላ አያስወጣም፤ ገበያው የሚነቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅና መኪኖቹ ለአዳር ሲደረደሩ ነው። የመለዋወጫ ሱቅ ደንበኛ ሹፌርና ረዳት ነው፤ የተበላሸውን የሚያየው ሲቆም፣ የሚቆመውም ሲመሽ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሱቅ መዝጋት 600 ብር ቢያሳጣ፣ በ48 ምሽት 28,800 ብር ይሆናል። ከላይ ካለው ጋር ሲደመር 45,300።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሳያነብ ቢደግም በአንድ ሙከራ 16,500 ብር አውጥቶ ከአራት አንድ ዕድል ያገኛል፤ ይህ ማለት አንዲት ማለፊያ በአማካይ 66,000 ብር ታስወጣዋለች። ማታ እያነበበ ቢደግም 45,300 አውጥቶ ከሦስት ሁለት ዕድል ያገኛል፤ ማለፊያዋ ወደ 68,000 ብር ትጠጋለች። በብር ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! የማታ ንባቡ ያተረፈለት ጊዜን ነው፤ ገንዘብ አይደለም።

ያንኑ ሁለት ሰዓት ግን ከሱብሂ በኋላ፣ አየሩ ሳይግል፣ ደንበኛ ሳይነቃ ቢያነብ የምሽቱ 28,800 ከወጪው ይወጣል። 16,500 ብር ለከሦስት ሁለት ዕድል፤ ማለፊያዋ 24,750 ብር ብቻ። ፈተናውን አዲስ አበባ ሳይሆን ሰመራ ለመቀመጥ ከቻለ ደግሞ የሚያጣው አንድ ቀን፣ ማለትም 3,500 ብር ነው፤ በንጋት አንብቦ ከተቀመጠ ማለፊያዋ ከ5,500 ብር አትበልጥም። በሌላ አነጋገር «ልድገም ወይስ አልድገም» የሚለው ጥያቄ ሊመለስ የሚችለው «በስንት ሰዓት አነባለሁ፣ የትስ እፈተናለሁ» የሚለው ሲመለስ ነው። እነዚህ አሃዞች የምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሱቅ ቁጥር አስገብቶ ማስላት አለበት።

መንገዱም የራሱ ሥጋት አለው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ከሎጊያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በዚያው በአዋሽ በኩል ነው። ፈተና ቀን አይጠብቅም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ወጪ ቢሆንም ኢንሹራንስ ነው። ወደ ሰመራ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላንም አማራጭ ነው፤ የሚጠይቀው ዋጋና የሚያተርፈው የሱቅ ቀን ይነጻጸራል። ረመዳን በንባቡ መካከል የሚገባ ከሆነም የ48 ቀኑ ሒሳብ እንደገና ይሠራል።

ዙሩ መቼ ይመለሳል?

የመድገም ዋጋ በሚቀጥለው ዙር ርቀትም ይወሰናል። በሕንድ የታወቁት የማኔጅመንት ተቋማት የሚጠቀሙበት መግቢያ ፈተና በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር አካባቢ ይሰጣል። እዚያ መድገም ማለት ዓመት መጠበቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ያገኙትን ትምህርት ቤት ይዘው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። በአካውንቲንግ ሙያ የታወቀው የእንግሊዙ ኤሲሲኤ ደግሞ ፈተናውን በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ የማለፊያ ነጥቡ 50 ሲሆን የወደቀ ሰው ሦስት ወር ጠብቆ ይመለሳል።

ጂማት የተባለው ዓለም አቀፍ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከሁሉም ይፈጥናል። 16 ቀን ቆይቶ መድገም ይፈቀዳል፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ጂማት ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ሲሆን፣ ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ውጤቱም ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ተፈታኙ ውጤቱን ካየ በኋላ የሚልከውን ስለሚመርጥ፣ መድገም የቀድሞውን ነጥብ አያበላሽበትም። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ። በአዲሱ መለኪያ 645 ያመጣ ሰው በአሮጌው 700 ካመጣው ጋር ይቀራረባል። አሮጌውን መለኪያ ይዞ «ወረድኩ» ብሎ ለመድገም የሚሮጥ ሰው በማያስፈልግ ነገር ዶላር ያወጣል።

ዶላሩ ደግሞ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለም። በፈተና ማዕከል የሚከፈለው እ.ኤ.አ. በ2024 275 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ክፍያው ከ16,000 ብር በታች ነበር። ዶላሩ 120 ሲገባ 33,000 ብር፣ 150 ሲገባ ደግሞ 41,250 ብር ይሆናል። ያው ፈተና፣ ያው ጥያቄ፤ የመድገሙ ዋጋ ግን እጥፍ አለፈ። በዚያ ላይ ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በውጭ አገር ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ላለው አመልካች ፈተናውን መተው ጀምረዋል። አሥር ዓመት የነገደ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈሉ በፊት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ምንም አያስወጣውም።

ወረቀቱ ምን ይከፍታል?

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት፣ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሁለተኛ ዲግሪው የሚከፍተው በር የቱ ነው?

በሰመራ ቢሮ ውስጥ ወይም በባንክ ቅርንጫፍ ለሚሠራ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ለሥራ መደቡ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ደመወዙም ይታወቃል። ልዩነቱን በወር አስልቶ ከመድገሙ ወጪ ጋር ማወዳደር ነው። ብዙውን ጊዜ መድገሙ ያዋጣል።

የራሱን ሱቅ ለሚመራ ሰው ግን መልሱ እንዲህ አይቀልም። ብድር ፈልጎ ከሆነ ባንኩ የሚጠይቀው መያዣ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ አይደለም። አስመጪ ለመሆን ከሆነ የሚጠየቀው ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የውጭ ምንዛሪ ነው። በጂቡቲ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ቢያወጣ ከዲግሪው በፊት እንጀራ ሊሆንለት ይችላል፤ ያም የራሱ የብቃት ፈተና አለው፤ የሚጠይቀው ግን በየቀኑ በሚሌ የጉምሩክ ጣቢያ የሚያጋጥመውን ነገር ነው። እነዚህን ሳያይ ሱቁን እየዘጋ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሮጥ ነጋዴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ያሰጋል።

ይህ ሲባል ትምህርቱ ለነጋዴ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ የሁለቱ ትርፍ ለየቅል መመዝገብ ያቃተው፣ ዕቃው መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው ደንበኛ ሲመለስ ብቻ የሆነበት ነጋዴ ብዙ ነው። ያን ለማስተካከል የሚረዳው ግን ትምህርቱ ነው ወይስ ዲግሪው? ትምህርቱ ከሆነ ያለ መግቢያ ፈተና የሚገኝ አጭር ኮርስና መጽሐፍ አለ። ዲግሪው ራሱ የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ከሱቁ ወጥቶ በድርጅት ሥራ አስኪያጅነት ለመቀጠር፣ ያኔ ብቻ የአራት ነጥቡ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

ስላለፉትም አንድ ነገር መባል አለበት። 54 አምጥቶ «60 ባደርገው» ብሎ የሚደግም አይጠፋም። ፈተናው የማለፊያ መቁረጫ ብቻ ያለው ከሆነ 54 እና 60 አንድ ዋጋ ናቸው፤ በሩ ተከፍቷል። ትምህርት ክፍሉ ጥቂት ቦታ ኖሮት አመልካቾችን በነጥብ ደርድሮ የሚወስድ ከሆነ ግን 54 ገና አላለፈም። የሁለቱ ልዩነት በማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ ማስታወቂያውን እስከ ታች የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ውጤቱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግልም እዚያው ይገኛል።

በምሳሌው የተጠቀሰው ነጋዴ ይህን ሁሉ ሲያስብ አንድ ነገር ያውቃል። የጎደለው ነጥብ ከቁጥሩ ክፍል ነው፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ሳያነብ እንደሞላ በወረቀት ጽፎታል። ሰመራ ባለ አንድ ድርጅት ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ የፋይናንስ ሥራ መደብ እንዳለም ሰምቷል፤ ደመወዙን ጠይቆ ከሱቁ የወር ትርፍ ጋር አነጻጽሯል። ስለዚህ ማታ ሱቁ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ መጽሐፉ የሚገለጠው ከሱብሂ በኋላ ነው። 38 ያመጣው የጎረቤቱ ባለ ሱቅ ግን በዚህ ዙር አይመዘገብም፤ የምዝገባውን ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ከፍሎበት ለሚመጣው ዓመት ይጠብቃል።